ኤርሲሊያና የሞንቴርባ ማርሽ ባንድ

ኤርሲሊያ ብራንዶኒ በሩን ዘግቶ የሚኖር እንስሳ አትበላም። ቀንድ አውጣም ይሁን የባሕር ዛጎል ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። «ሰው በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ አንኳኩቶ መመለስ ነው እንጂ ሎሚ ጨምቆ ይበሉታል እንዴ?» ትላለች። የኢጣሊያዋ ትንሽ ከተማ የሞንቴርባ ሰው ይህን ከአፏ ስንቴ እንደሰማ እሱም አያውቀው። እሷ ግን ስትደግመውም አዲስ የተናገረች ነው የሚመስላት። የዳንስ አስተማሪ ስለሆነች ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማስደጋገም ልማዷ ነው።

የምታስተምረው ዳንስ ሰርግ ቤት የሚደነሰውን አይደለም። የዱሮ መሳፍንትና ወይዛዝርት በየአዳራሻቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ቀስ እያሉ ሲንሸራሸሩበት የነበረውን ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ኮረብታው አናት ላይ ያለው የድሮ ገዳም በሩ ይከፈትና የጥንት ሙዚቃና የጥንት ዳንስ የበጋ ትምህርት ቤት ይሆናል። ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። አንዱ ሆዱ እንደ ተከፈለ ቅል ያበጠ ባለ ክር መሣሪያ ታቅፏል፣ ሌላው የእንጨት ዋሽንት በብብቱ ይዟል፣ ሌላዋ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሻንጣ ሙሉ የከፋይ ቀሚስ ትጎትታለች። ወንዶቹ ለዝግጅት ቀን እስከ ጭን የሚደርስ ካልሲ ስለሚለብሱ የከተማው ሰው «ባለ ካልሲዎቹ መጡ» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሲደንሱ ለማየት ግን ዞር ብሎም አያይ።

ኤርሲሊያ ራሷ የዚያው ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ እሷም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ መርፌና ክር ይዛ የጫማ ፊት ስትሰፋ ነው ያደገችው። እጇ ይሰፋል፣ እግሯ ግን ጠረጴዛው ሥር ዝም ብሎ አያውቅም። «ይቺ ልጅ በላይ ሠራተኛ፣ በታች ቦዘኔ ናት» ይሏት ነበር አባቷ።

ሃያ ዓመት አለፍ ሲላት ለሴቲሚዮ ታጨች። ሴቲሚዮ ያኔ ፖስተኛና የከተማው ማርሽ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጥሩምባውን ሲነፋ ደግሞ አንጀት የሚበላ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እሱ መድረክ ላይ ነው። ከታች አደባባዩ ሙሉ ሰው ሲደንስ ኤርሲሊያ ወንበር ላይ ተጎልታ እጮኛዋ ጉንጩን ነፍቶ ሲቀላ ታያለች። ሌላው ወንድ ደግሞ የታጨች ናት ብሎ አይጠጋትም። እንዲህ እንዲህ እያለ በዓላቱ አለፉ፤ በመጨረሻ የከተማይቱ ጠባቂ ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት ልቧ ውልቅ አለና መድረኩ ላይ ወጣች።

«ሴቲሚዮ፣ ውረድና አንድ ዙር እንደንስ» አለችው ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጥሩምባው ከንፈሩ ላይ ነው፤ ለብቻው የሚነፋው ክፍልም ደርሶበታል። ምን ያድርግ? አንድ ጣቱን አነሣላት። እሷም ወረደች። ሴቲሚዮ ያን ቀን የነፋው ነገር እስከ ዛሬ ይወራለታል። ጨርሶ ዐይኑን ሲገልጥ ግን እጮኛው ከጭነት መኪና ነጂው ከኤሊዮ ጋር አደባባዩ መሀል እየተሽከረከረች ነበር።

ኤሊዮን አገባችው። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ይደንስላት ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ በጊዜ ሞተባት። ሴቲሚዮም አሱንታን አገባ፤ አሱንታ ዳንስ ካለ መጀመሪያ ወንበር የምትፈልግ ሴት ናት። እግዜር ሲያጣምር እንዲህ ነው፣ አለ ሰው።

ኤርሲሊያ የጥንቱን ዳንስ ያወቀችው ኤሊዮ ከሞተ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ያኔ ገና መምጣቱ ነበር። ተማሪዎቹ የዳንስ ጫማ አልቆባቸው እሷን ጠሩና ልካቸውን ልትወስድ ሄደች። ከቦሎኛ የመጡት አስተማሪ ኦታቪያ የሚባሉ ቀጭን፣ ቁጡ አሮጊት ነበሩ። ኤርሲሊያ በሩ ላይ ቆማ ስታይ አሮጊቷ ዞር አሉና፣ «አንቺ ልጅ፣ ምሰሶ አታስመስዪ! አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ግቢ!» አሏት። ገባች፤ ገብታም ቀረች። ክረምት ክረምት በአውቶቡስ ቦሎኛ እየተመላለሰች ከአሮጊቷ ተማረች፣ የዱሮ መጻሕፍት አነበበች፣ ረዳት ሆነች። ኦታቪያ ጉልበታቸው ሲደክም «እንግዲህ ቁጣውም ያንቺ ነው» ብለው ቦታውን አስረከቧት። ቁጣውን እንኳ ጨምራበታለች።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ጎፍሬዶ ነው፤ ያን ሆደ ትልቁን ባለ ክር መሣሪያ የሚመታው፣ ከሰሜን አገር የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው። ጨዋነቱ ድንበር የለውም፤ የገዳሙን ድመት ሳይቀር አንቱ ይላል። የእሱና የኤርሲሊያ ጭቅጭቅ የቆየ ነው። እሱ ለጆሮ ደስ በሚለው ፍጥነት ይመታል፤ እሷ ደግሞ «ዶክተር፣ ጆሮ አይወድቅም፤ እግር ግን ይወድቃል! ቀስ!» ትለዋለች። ቢሆንም ይዋደዳሉ።

ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የጋራ ጠላት ነበራቸው። ማርሽ ባንዱ የሚለማመደው እዚያው ገዳም ምድር ቤት ነው። ሴቲሚዮ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ሽበታም፣ የባንዱ መሪ ሆኗል። የጥንት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ከዛሬው በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ነው የሚቃኙት። ስለዚህ ከላይ ዋሽንቱ፣ ከታች ጥሩምባው ባንድነት የተነሣ እንደሆነ ኤርሲሊያ እንደምትለው ሁለት ድመት ባንድ ጆንያ የከተቱ ይመስላል። ዶክተር ጎፍሬዶ አንድ ቀን በትሕትና ወርዶ፣ «ክቡር መሪ፣ መስኮቱን ቢዘጉልን?» አለ።

«ክቡር ዶክተር፣ ሙቀቱን ቢዘጉልን?» አለ ሴቲሚዮ።

ሌላ ቀን ኤርሲሊያ ትዕግሥቷ አለቀና ወለል የተጠረገበትን ባልዲ ውሃ በመስኮት ደፋችው። ለሴቲሚዮ ያሰበችው ውሃ ቱባ የሚባለውን ግዙፍ ጥሩምባ በሚነፋው በዳቦ ጋጋሪው በፕሪሞ መሣሪያ አፍ ገባ። ፕሪሞ ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብሎ አየና «ዘነበ እንዴ?» ብሎ መንፋቱን ቀጠለ። ቱባው እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ፎቆች መካከል ሰላምታ እንኳ ቀረ።

እንግዲህ የዚያ ዓመት የመዝጊያ ዝግጅት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ሙዚቀኞቹ፣ አስተማሪም ተማሪም፣ ዕረፍት ናቸውና ባሕር ዳርቻ ወረዱ። ኤርሲሊያ ግን ዳንሰኞቿን ከለከለች።

«የቀሚሳችሁን ጫፍ እንደ መጥረጊያ እየጎተታችሁ ምን ባሕር ታያላችሁ? ልምምድ!»

ዳንሰኞቹ አጉረመረሙ። ከፖላንድ የመጣችው ረጅሟ ቦግና «እኛ እስረኞች ነን ወይስ ተማሪዎች?» ብላ እስከ ማልቀስ ደረሰች። ሙዚቀኞቹም ባሕሩ አጠገብ ተኮልኩለው፣ ጥቁር የባሕር ዛጎል በነጭ ሽንኩርትና በወይን ጠጅ የተቀቀለ፣ ሳህን በሳህን እያነባበሩ በሉ። ማታ እየዘፈኑ ተመለሱ። በማግስቱ የሚዘፍን አልነበረም። የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ኤርሲሊያ ወደ ገዳሙ ስትወጣ ግቢው ጭር ብሏል፤ የሚሰማው የመጸዳጃ ቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው።

አንደኛውን በር አንኳኳች። «ዶክተር! እዚህ ነዎት?»

«ነኝ» አለ የዶክተር ጎፍሬዶ ድምፅ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል። «ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሩን ልከፍትልዎ አልችልም።»

«ሌሎቹስ?»

«እንደኔው ናቸው። አንዳቸውም መሣሪያ መያዝ አይችሉም። መያዝ የሚችሉት የበር እጀታ ብቻ ነው። ዝግጅቱን እንሰርዘው።»

«ዳንሰኞቼ እኮ ደህና ናቸው! ላባቸው ገና አልደረቀም!»

«ታዲያ በቴፕ…»

«በቴፕ?» ኤርሲሊያ በሩን በጥፊ መታችው። «ከሳጥን የሚወጣ ሙዚቃ የሰው ትንፋሽ ያያል? ዳንሰኛ ሲያደናቅፈው ይጠብቀዋል? እኔ ሙዚቀኛ አመጣለሁ።»

«ከየት?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «ከምድር ቤት» አለች።

«ሲኞራ፣ እባክዎን፣ እኔ በጣም ታምሜያለሁ…»

«ዱሮም ሜዳ ላይ ሲደነስ የሚነፋው ጥሩምባ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን። ቤት ውስጥ ከሆነ ክር፣ ደጅ ከሆነ ጥሩምባ።»

«ቱባ ግን አላልኩም!» አለ ዶክተሩ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ያዘውና ወሬው ተቋረጠ።

ኤርሲሊያ ቁልቁል ወረደች። የሴቲሚዮ ቤት በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ውስጥ አሱንታ ባቄላ ትፈለፍላለች፣ ባሏ ጥሩምባውን ፈታቶ ያጸዳል።

«ምነው ባልዲ አልያዝሽም ዛሬ?» አለ ቀና ሳይል።

«ቀልዱን ተወው ሴቲሚዮ። ሙዚቀኛ ቸግሮኝ ነው።»

«ባለ ካልሲዎቹስ?»

«ሽንት ቤት ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያ አንቱ አንቱ ባዩም?»

«እሱማ ብሶበታል።»

ሴቲሚዮ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር እንዳይታይበት በጥሩምባው ቀዳዳ ውስጥ አጮልቆ ያይ ጀመር። «ያሳዝናል» አለ። «እኛ ግን ሰልፍ እንጂ የመሳፍንት ነገር አናውቅም። ደግሞ ‘ድመት በጆንያ’ ያለን ማን ነበር? የፕሪሞ ቱባ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።»

«በጨርቅ እጠርግለታለሁ።»

«ክብርስ? ክብርም በጨርቅ ይጠረጋል?»

አሱንታ ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔ የምልህን ስማ» አለች። «ይቺ ሴትዮ ያን ቀን ባትተውህ ኖሮ አንተ የእሷ ባል ነበርክ፤ እኔም ይሄኔ ማንም ጆሮዬ ላይ ሳይነፋ ዐርፌ እቀመጥ ነበር። ላመስግናት ወይስ ልርገማት እስካሁን አልወሰንኩም። እኔ እስክወስን አንተ ሂድና ንፋላት።»

ሴቲሚዮ ሚስቱን አየ፤ ኤርሲሊያን አየ፤ ከሁለት ሴት ጋር የሚከራከር ጅል ነው ብሎ ይሆናል፣ ጥሩምባውን ገጣጠመ።

ረፋድ ላይ ባንዱ ገዳሙ ግቢ ተሰበሰበ። ሴቲሚዮ የዳንሱን ዜማ ከኤርሲሊያ ወረቀት ላይ አየና ለክላርኔቱ፣ ለትሮምቦኑና ለከበሮው እየቆራረጠ አከፋፈለው። ለፕሪሞ የደረሰው ጥቂት ወፍራም ድምፅ ነው። «እኔ እዚህ ምን አለኝ? እረፍት ብቻ እኮ ነው!» አለ ፕሪሞ።

«ዳቦ እስኪነፋ ትጠብቅ የለም? ጠብቅ!» አለው ሴቲሚዮ። በትሩን አነሣና አወረደ።

ጉድ ፈላ። ባንዱ ጦር ሜዳ የሚሸኝ ይመስል ግቢውን አናጋው። ዳንሰኞቹ መጀመሪያ ሊንሸራሸሩ ሞከሩ፣ ቀጥሎ ፈጠን አሉ፣ በመጨረሻ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ።

«እትዬ፣ ይሄ ዳንስ ነው ወይስ አውቶቡስ ማባረር?» ብላ ቦግና ጮኸች።

«ቁም! ቁም አልኩ!» ኤርሲሊያ መሀል ገባች። «ሴቲሚዮ፣ ማን እያሳደደህ ነው?»

«ፍጥነቱን በቁጥር ንገሪኝ፣ በዚያው እሄዳለሁ።»

«ቁጥር የለውም። ሰው አይተህ ነው የምትሄደው። እጅህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ልበላው! ስጠኝ እንጂ።»

ባንዱ በሙሉ አፏጨ። ከኋላ አንዱ «አሱንታ ትጠራ?» ሲል፣ «እኔ እዚሁ ነኝ፣ ቀጥሉ!» የሚል ድምፅ ከግቢው የውሃ ጉድጓድ አፋፍ መጣ። አሱንታ ባቄላዋን ይዛ መጥታ፣ ጥላ ፈልጋ ተቀምጣለች።

ኤርሲሊያ የሴቲሚዮን እጅ ይዛ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። እሱ ደብዳቤ የሚያድል ይመስል ቷ ቷ እያለ ተራመደ፤ በሦስተኛው ላይ ጣቷን ረገጣት።

«ወይኔ ጣቴን! ቤት ለቤት እየዞርክ አይደለም እኮ! እግርህን ሳታነሣ በፊት ሰውነትህ ከፍ ይበል። ውሃ ጀልባን ከሥር እንደሚያነሣው። ከፍ… አሁን ሂድ። ከፍ… ሂድ።»

ሁለቴ ተሳሳተ። ቀጥሎ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «ቆይ ቆይ። ከመንፋት በፊት የምንስበው ትንፋሽ ማለትሽ ነው?»

ኤርሲሊያ አፏን ከፍታ አየችው። ከኦታቪያ የተማረችውን ያን ነገር ለተማሪ ለማስረዳት በጀልባ፣ በስንዴ ማሳ፣ በእንቅልፋም ሕፃን ስትመስል ኖራለች፤ ትንፋሽ ማለት ግን አንድም ቀን አልመጣላትም። «እሱ ነው» አለች። «እሱው ራሱ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ አትዪም? ጀልባና ውሃ ምን አመጣው!» ሴቲሚዮ ወደ ባንዱ ዞረ። «ሰማችሁ? ከእርምጃው በፊት እነሱ ይተነፍሳሉ፤ እኛም አብረን እንተነፍሳለን። ወረቀቱን ተዉት፣ ትከሻቸውን እዩ!»

«አንተስ ጀርባህን ሰጥተህ እንዴት ታያለህ?» አለች ኤርሲሊያ።

እውነቷን ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለዳንሰኛ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የኖረው። ወንበሮቹን አዞሩና እሱ በጎን ቆመ፣ ባንዱም ዳንሱም እንዲታየው። እንደገና ጀመሩ። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፤ ቀጥሎ ክላርኔቱ ለስለስ አለ፣ ከበሮው ጣቱን ብቻ ተጠቀመ፣ ፕሪሞም ተራው ደርሶ እንደ ጠገበ በሬ አንዴ «ቡም» አለ። ዳንሰኞቹ ከፍ ብለው ሄዱ። ቦግና ፈገግ አለች።

ዕረፍት ላይ ሁለቱ ጉድጓዱ አጠገብ ውሃ ሲጠጡ ሴቲሚዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ጊዜ መድረኩ ላይ» አለ፣ «ጣቴን ያነሣሁልሽ እኮ ‘ቆዪኝ’ ለማለት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ጣትህን አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ግን የነፋኸው ነገር በጣም ደስ ይል ነበር፤ እግሬ አልቆይ አለ።»

ሴቲሚዮ ዕድሜውን ሙሉ የተተወው ስላልወረደ ነው ብሎ ሲብሰለሰል ኖሮ፣ የተተወው አሳምሮ ስለነፋ መሆኑን ሲሰማ ይከፋው ወይ ይኩራራ ጠፋው። አሱንታ ከባቄላዋ ቀና ብላ፣ «እንግዲህ ይህን ለአንድ ዓመት ሲያወራልኝ ሊኖር ነው» አለች።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ሰው መግባት ጀመረ። በሌላ ዓመት የሚመጣው የተማሪ ዘመድና ፋርማሲስቱ ነበር። ያን ቀን ግን ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ሊነፉ ነውና ከተማው እንዳለ ወጣ፤ ወንበር ከቤቱ የተሸከመ አለ፣ ሥጋ ተሞልቶ የተጠበሰ ወይራ በወረቀት ጠቅልሎ የያዘ አለ። የላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ዶክተር ጎፍሬዶ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እንደ ሰም ገርጥቶ ቆሟል። ቱባውን ሲያይ ዐይኑን ጨፈነ።

የመጀመሪያው ዳንስ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው መሀል ላይ ግን የቦግና ጓድ የሆነው የጥርስ ሐኪም የግራ ካልሲው ማሰሪያ ተበጠሰ። ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር ካልሲው ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ከጭኑ፣ ቀጥሎ ከጉልበቱ ወረደ። እጁን ለቆ እንዳይስበው ሴቲቱን ይዟል፤ እንዳይተወው ደግሞ ቀጣዩ ዙር ዝላይ ያለበት ነው። ጥግ የቆመችው ኤርሲሊያ ሴቲሚዮን አየችው። እሱ ቀድሞ አይቶታል። በትሩን በአየር ላይ አሽከረከረና ባንዱን ወደ ኋላ መለሰው፤ ያው ዜማ እንደገና፣ ለስለስ ብሎ።

ኤርሲሊያ ገባት። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ከፍ ብላ ዝቅ እያለች፣ የዳንሱ አካል ይመስል ወደ መሀል ተንሸራሸረች። ሐኪሙ ፊት ስትደርስ ለመስፍን እንደሚነሣው ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና በዚያው ጎንበስ እንዳለች ካልሲውን ሳበች። የፀጉሯን ጥብጣብ ፈታ አሰረችለት። የሷን ማሰር እየጠበቀ ሴቲሚዮ ዜማውን ሦስቴ አመላለሰው፤ ፕሪሞ ግራ ገብቶት በየዙሩ አንድ «ቡም» ጨመረ። ብድግ ስትል ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። የዳንሱ ወግ መስሏቸዋል።

«አየሽ» አለች አንዷ አሮጊት ለጎረቤቷ፣ «ድሮ ወንዱን የምታለብሰው ሴቲቱ ነበረች።»

«ዛሬስ ማን ያለብሰዋል?» አለች ጎረቤቷ።

ባንዱ ሁለት የመሳፍንት ዳንስ ብቻ ነው የተለማመደው፤ ሰው ግን አልጠግብ አለ። ሴቲሚዮ ወደሚያውቀው ተመለሰና ማዙርካ የሚባለውን የሰርግ ዳንስ አስነሣ። ያን ጊዜ ከፋይ የለበሰውና በነጠላ ጫማ የመጣው ተደባለቀ። ቦግና ከፋርማሲስቱ ጋር ስትዞር ታየች። ዶክተር ጎፍሬዶ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ወርዶ ኤርሲሊያ ፊት ቆመ፤ ዐይኑ እንባ አቅሯል።

«ኤርሲሊያ» አለ፣ «አንቺ እኮ…» አንቺ ብሏት አያውቅም፤ እሱ ራሱ ደነገጠ። ሌላ የሚለው ነገር ነበረው፣ ግን ሆዱ ጮኸበትና ብርድ ልብሱን ሰብስቦ ወደ ላይ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ የበጋው ትምህርት ቤትና ባንዱ ታረቁ ቢባል ውሸት ነው። ጠባቸው መልኩን ለወጠ እንጂ። ባንዱ መስኮት ይዘጋል፣ ዶክተሩም በምትኩ የአየር ማራገቢያ አስገባለት። በመዝጊያው ዕለት አንድ ዳንስ የባንዱ ሆኗል፤ እሱን በየትኛው ቅኝት እንደሚጫወቱት ዶክተሩና ሴቲሚዮ ሐምሌን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ተስማምተውም አያውቁ።

ኤርሲሊያን ግን ሌላ ሥራ ጠበቃት። የዚያ ዓመት ብርድ እንደገባ የባንዱ ሚስቶች ተሰብስበው መጡና፣ ያን ከፍ ዝቅ የሚባለውን ነገር አስተምሪን አሏት። ገዳሙ ክረምት አይሞቅም፤ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ካርታ የሚጫወቱበትን አዳራሽ ያዙ። ሴቲሚዮ ጥሩምባውን ይዞ ይመጣል፤ አሱንታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የሚሳሳተውን ትጠቁማለች።

ችግሩ ረቡዕ የመቁጠሪያ ጸሎት ቀን መሆኑ ነው። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን እየጠፉ ሄዱ፤ ቄሱ ዶን ካሊስቶ አንድ ረቡዕ ተቆጥተው ሊገሥጹ መጡ። ወፍራም፣ አጭር፣ ሲራመዱ የሚያለከልኩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ልጆቼ! እመቤታችን ባዶ ወንበር ስታይ…»

«አባ፣ ባዶ ቦታ እኛም አለን» አለች ኤርሲሊያ። «የፕሪሞ ሚስት አልመጣችም፤ ሰልፉ ጎዶሎ ሆኖብናል። ቆመው ከሚቆጡን ገብተው ይቆጡን።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዶን ካሊስቶ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ገቡ። ሴቲሚዮ ነፋ። እነዚያ ከባድ እግሮች እንደ ላባ ተነሡ፤ ትከሻቸው ከእርምጃው ቀደም ብሎ ከፍ ይላል፣ አገጫቸው ቀና ብሏል፣ ተረከዛቸው ወለሉን ሳይነካ ያልፋል። ኤርሲሊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባ! ይህን ከየት ተማሩት?»

«ሐምሌ ሐምሌ የገዳሙ በር ክፍት ነው፤ ዝም በዪና ቁጠሪ» አሉ ዶን ካሊስቶ፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።